ኪስ የሌለው ካፖርት

ጦሳ ጉሙን ለቆ ሙጋድን ሲያለብስ፣
ገባ አንድ ሰውዬ ሊያሰፋ አዲስ ልብስ።
ጠባቂ አላስቀደመ፣ መንገድ አላስዘጋ፣
እንደ ማንም ደንበኛ ሰላም ብሎኝ ተጠጋ።
ሙህዬ ወሰን ነው፤ ያ ሀገር የመራ፣
ከደም አድራቂ ቤት፣ ከአባጋሮች ጎራ።

በራዲዮ ነበረ የማውቀው ድምፁን፤
ያን ማታ በሜትሬ ለካሁ ትከሻውን።
ጠባብ ነው። ገረመኝ፤ ሀገር ያዘለበት፣
አንድ ሕፃን የሚከብደው ቀጭን ያስተማሪ አጥንት።

እኔም እንደ ልማዴ፣ እንደ ሙያዬ ወግ፣
«በግራ በኩል ነው ወይስ በቀኝ ላድርግ?»
አልኩት ጠመኔዬን ከብብቱ ሥር ይዤ።
ስንቱን ባለሥልጣን፣ ስንቱን ባለ ወንበር
በዚችው መርፌዬ አልብሼ ነበር፣
የሽጉጡን ማደሪያ፣ የብረቱን ቤት
ከገበሩ በታች ደብቄ በስፌት።

ሳቀ። (ጥርሱ ፍንጭት ነው፤ ራዲዮ አይናገርም።)
«አደም፣ ተው ይቅርብኝ፤ ከፈን ኪስ የለውም።»
ዋጋ ተከራክሮ ሀምሳ ብር አስጣለኝ፤
«ሰኞ ባቲ ውዬ፣ ማክሰኞ ጠብቀኝ» አለኝ።

የባቲ ሰኞ ነው።
ግመሉ ከቆላ፣ ገብሱ ከደጋ፣
ቋንቋው ተደባልቆ ገበያው ሲንጋጋ፣
ሁለት ወገን መጣ፣ ደም የተቃባ፣
አንዱ በላይ በኩል፣ አንዱ በታች ገባ።
ስሙ ብቻ ወሰን፣ ልቡ ወሰን የለሽ፣
ከሁለቱ መሀል ተቀመጠ ሳይሸሽ።
«ደም ሳናደርቅማ ከዚህ አልነሣም»
አለ ይላሉ።
አልተነሣም።

ከቆላ ነው ያሉ አሉ፤ ከደጋ ነው ያሉም፤
ከገዛ ቤቱ ነው ያሉም አልጠፉም።
እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፦
ተኳሹ ብረቱን ያወጣው ከኮቱ ገበር ነው።
ያ ኪስ፣ ያ በእጅ የተሰፋ፣
የማን መርፌ ይሆን?
አላውቅም።
ጣቶቼን አያለሁ። ሌሊቱ አይነጋም።

ሲቀበር ነበርኩ። ሐይቅ ዳር ነው መሬቱ፤
በእናቱ ቄስ አጎት፣ ሼህ አለው በአባቱ።
ዱአውና ጸሎቱ ተቀላቅሎ ሲወርድ፣
ማን ያልቅስ፣ ማን ያጽናና፣ አልለይ አለ ዘመድ።
በነጭ ከፈን ሄደ። ኪስ አልነበረውም።
እንዳለኝ ነው። ቃሉን አላጠፈም።

ስሙን ለአስፋልት ሰጡት፣ ለአደባባይ፣ ለድልድይ፤
ፎቶውን ሰቀሉት ከባንኩ በር በላይ።
ሐውልት አቆሙለት፤ ትከሻው ሰፊ ነው፤
ዋሽተዋል። ልኩ ያለው እኔ ደብተር ላይ ነው።
ከቤተ መዘክር መጡ፣ መስታወት አሰርተው፣
«ካፖርቱን ለታሪክ፣ ለትውልድ» ብለው።
እንቢ አልኩ።
መስታወት ውስጥ የገባ ልብስ ማንንም አያሞቅም፤
ደሴ ብርድ ነው፤ ሰው እየበረደው ልብስ አይቆለፍም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ዝናብ እያካፋ፣
መጣ አንድ ጎረምሳ፣ ከኩታበር፣ በግሩ፣
አሮጌ ኮት ታቅፎ፣ ጭቃ ነክቶት ዳሩ።
«ኮቱ ደህና ነው» አለኝ፤ «አዝራሩም ይዘጋል፤
ይቺን ኪስ ድፈንልኝ፤ ባዶዋም ይከብዳል።»

ገለበጥኩት ገበሩን። አወቅኩት ስፌቴን፤
ድርብ ቋጠሮዬን፣
ከጫፉ ጠምዝዤ የምተወው ክሬን።
ለማን እንደሰፋሁት፣ ከማን እንዳገኘው
አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝ።
ደፈንኩት።
ሀምሳ ብር ቢያወጣ እጁን መለስኩለት፤
«የዚህን ሒሳብ ሌላ ሰው ከፍሎታል» አልኩት።

ነገ ደግሞ ሌላው «ጠለቅ አድርገው» ሊል ይመጣ ይሆናል፤
ደሴ ሰፊ ናት፤ መርፌ የያዘ ሞልቷል።
ዛሬም ማክሰኞ ነው። በሩን አልዘጋሁም።
ካፖርቱ አንድ እጅጌ ይቀረዋል፤
ክሩን አልበጠስኩም።